ከስም እስከ ቁጥር፦ የነፍሳትና የሥነ-ምህዳር ተመራማሪ የኅትመት መዝገብና ተጠቃሽነት አዘገጃጀት

ባለፈው ክረምት መውጫ ላይ፣ ደብረ ብርሃን ውስጥ፣ በነፍሳት ጥናት ከሃያ ዓመት በላይ የሠሩ ጋሼ የምላቸው አንድ ባልደረባዬ የማዕረግ ዕድገት ማመልከቻቸውን እንዳግዛቸው ጠርተውኝ፣ ጋቢያችንን ደርበን ከኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥን። ከጠረጴዛው ጫፍ የጽሑፎቻቸው ቅጂዎች ተደርድረዋል፤ ብንቆጥራቸው 11 ሆኑ። የከፈትነው የሳይንሳዊ ጽሑፎች የመረጃ ቋት ግን በስማቸው የሚያውቀው 4 ብቻ ነበር። ፍለጋውን ስንቀጥል 3ቱን በአባታቸው፣ 2ቱን በአያታቸው ስም ሥር አገኘናቸው፤ የቀሩት 2ቱ በጉባኤ ጥራዝ ታትመው ከነአካቴው ያልተመዘገቡ ነበሩ። ጋሼ ስክሪኑን ትኩር ብለው አዩና «እኔ አንድ ሰው ነኝ፤ እዚህ ግን ከአባቴና ከአያቴ ጋር ሦስት ሆኛለሁ» አሉ።

ማንነታቸው እንዳይለይ በዚህ ጽሑፍ የማቀርባቸውን ቁጥሮች ቀይሬአቸዋለሁ፤ ችግሩ ግን በእሳቸው ብቻ የደረሰ አይደለም። የአንድን ሰው የኅትመት መዝገብና ተጠቃሽነት፣ ማለትም ምን እንዳሳተመና ሥራዎቹ በሌሎች ጽሑፎች ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱ፣ እንዲያዘጋጅ የተጠየቀ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከቁጥሩ ነው፤ አንዱን ቋት ይከፍታል፣ የሚታየውን አኃዝ ይገለብጣል፣ ሥራው አለቀ ይላል። እኔ የምመክረው ተገላቢጦሹን ነው። መጀመሪያ ሥራዎቹ በእጅ ይሰብሰቡ፤ ቀጥሎ ስሙ አንድ ይሁን፤ ቆጠራው መምጣት ያለበት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ምክንያቱም በተበታተነ ስም ላይ የተሠራ ስሌት የተመራማሪውን ሥራ ሳይሆን የመዝጋቢውን ስሕተት ነው የሚለካው።

ስሙን አንድ ማድረግ

የእኛ ስም የቤተሰብ ስም የለውም። የመጀመሪያው የራስ፣ ሁለተኛው የአባት፣ ሦስተኛው የአያት ነው። የውጭ አገር ጆርናሎችና የመረጃ ቋቶች ግን የመጨረሻውን ቃል የቤተሰብ ስም አድርገው ይወስዱና የራስን ስም ወደ አንድ ፊደል ያሳጥሩታል። በዚህ ምክንያት ተመራማሪው በሁለት ስም ያሳተሙት ጽሑፍ በአባታቸው፣ በሦስት ስም ያሳተሙት በአያታቸው ሥር ይገባል፤ የአገር ውስጥ ጆርናል እንደ ወጋችን የራስን ስም አስቀድሞ ሙሉውን ሲጽፍ ደግሞ ሌላ ሰው የሚመስል ሦስተኛ መዝገብ ይፈጠራል።

በዚህ ላይ የላቲን ፊደል አጻጻፍ ይጨመርበታል። «ገብረ መድኅን» የሚለው ስም አንድ ቦታ ተያይዞ፣ ሌላ ቦታ በሁለት ቃል ተለያይቶ፣ ሌላ ቦታ በጭረት ተገናኝቶ፣ ሌላ ቦታ ደግሞ «ገ/መድኅን» እንደምንለው በአንድ ፊደልና በእዝባር አጥሮ ይገኛል። «ኃይሌ»ን አንዱ በአይ ሌላው በዋይ፣ «ቀለሙ»ን አንዱ በኬ ሌላው በኪው፣ «ፀጋዬ»ን አንዱ ከኤስ በፊት ቲ ጨምሮ ሌላው ቲውን ትቶ ይጽፈዋል። እኛ ስናነበው አንድ ስም ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን እያንዳንዱ ልዩነት ሌላ ሰው ነው።

ስለዚህ ማንኛውንም ቋት ከመክፈትዎ በፊት ባዶ ወረቀት ይውሰዱና ተመራማሪውን አስቀምጠው በምን በምን አጻጻፍ እንዳሳተሙ ይጠይቋቸው፤ የድሮ ቅጂዎቻቸውን እያገላበጡ እያንዳንዱን ዓይነት በላቲን ፊደል ይመዝግቡ፤ የስም ቅደም ተከተሉንም ገልብጠው ይጻፉ። ከጋሼ ጋር ይህን ስናደርግ 9 አጻጻፎች አገኘን፤ ከእነዚህ ውስጥ 2ቱን ራሳቸው እንኳ ረስተዋቸው ነበር።

ቀጥሎ ኦርኪድ ይከፈታል። ኦርኪድ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ለተመራማሪዎች በነፃ የሚሰጥ ባለ16 አኃዝ መለያ ሲሆን፣ ስም ቢለዋወጥም ሰውየው አንድ መሆኑን እንዲያሳይ ታስቦ የተሠራ ነው። በገጹ ላይ ሌሎች መጠሪያዎችን ማስገቢያ ቦታ ስላለ፣ በወረቀት የሰበሰቧቸውን አጻጻፎች በሙሉ እዚያ ያስገቧቸው። ከዚያ ክሮስሬፍ ከተባለው የዲ.ኦ.አይ. መዝጋቢ ድርጅትና ስኮፐስ ከተባለው የመረጃ ቋት ጋር ቢያገናኙት የዲ.ኦ.አይ. ቁጥር፣ ማለትም ለአንድ ጽሑፍ የሚሰጥ ቋሚ የኢንተርኔት መለያ፣ ያላቸውን ጽሑፎች አንድ በአንድ እያሳየ የእርስዎ ናቸው ወይ ብሎ ይጠይቃል። በችኮላ ሁሉንም አዎ ማለት ግን አይገባም፤ የእኛ ስሞች ተመሳሳይ ስለሆኑ በአንድ አባት ስምና በአንድ መነሻ ፊደል የሚጠሩ የሕክምና፣ የሒሳብና የምሕንድስና ሰዎች ጽሑፍ ተቀላቅሎ ይመጣል። የሌላ ሰው ሥራ በመዝገብ ውስጥ መገኘቱ የራስን ሥራ ከማጣት የከፋ ነው፤ ገምጋሚ አንድ እንዲህ ያለ ነገር ካየ የቀረውንም ማመን ያቆማልና።

ገና የመጀመሪያ ጽሑፋቸውን ለሚያሳትሙ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎች ሁልጊዜ የምነግራቸው አንድ ነገር ነው፦ ዛሬ አንድ አጻጻፍ ይምረጡ፣ እስከ ጡረታም አይቀይሩት።

ሥራዎቹን መሰብሰብ

መጀመሪያ የሚፈተሸው የተመራማሪው የራሱ መደርደሪያ ነው። ከዚያ በኋላ ወደ ጉግል ስኮላር ይሂዱ። ጉግል ስኮላር እ.ኤ.አ. በ2004 የተከፈተ ሲሆን የመመረቂያ ጽሑፎችን፣ የጉባኤ ጥራዞችንና የድርጅት ሪፖርቶችን ጭምር ስለሚያካትት ለአገራችን ሥራ መረቡ ሰፊ ነው፤ ነገር ግን ከእህሉ ጋር ገለባውም አብሮ ይመጣል። ስኮፐስ ኤልሰቪየር የተባለው አሳታሚ ድርጅት ቋት ነው፤ ዌብ ኦፍ ሳይንስ ደግሞ መነሻው ዩጂን ጋርፊልድ እ.ኤ.አ. በ1964 ለኅትመት ያበቃው የሳይንስ ጥቅሶች ማውጫ ነው። ሁለቱም የመረጧቸውን ጆርናሎች ብቻ ስለሚመዘግቡ ቁጥራቸው አነስተኛ ቢሆንም የጠራ ነው። ሙሉ አገልግሎታቸው ክፍያ ይጠይቃል፤ ስኮፐስ ግን በተመራማሪ ስም መፈለግንና የተበተኑ መዝገቦች እንዲዋሐዱ ማመልከትን በነፃ ይፈቅዳል። እ.ኤ.አ. በ2022 ሥራ የጀመረው ኦፕንአሌክስ መረጃው በነፃ የሚገኝ ነው። የአፍሪካ ጆርናሎች ኦንላይን የሚባለውን፣ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ የቆየውን ገጽ እንዳይዘሉት አደራ እላለሁ፤ ሌሎቹ ቋቶች የማያውቋቸው የኢትዮጵያ ጆርናሎች እዚያ ይገኛሉ።

በስም ብቻ መፈለግ አይበቃም፤ የነፍሳት ተመራማሪ ሥራ በነፍሳቱ ስምም ይፈለጋል። በወሎና በሰሜን ሸዋ የጤፍ ማሳ ላይ የሚወርደውን ደገዛን እንውሰድ። ገበሬው ደገዛ ይለዋል፤ የእንግሊዝኛ ጽሑፎች የወሎ ቡሽ ክሪኬት ይሉታል፤ ሳይንሳዊ ስሙ ዴክቲኮይደስ ብሬቪፔኒስ ነው። አንድ የጉባኤ ጽሑፍ በርዕሱ ላይ ከሦስቱ አንዱን ብቻ ሊይዝ ስለሚችል፣ ሦስቱንም ተራ በተራ አስገብቶ ከቦታ ስሞች ጋር፣ ለምሳሌ ከሸዋ ሮቢት ወይም ከመንዝ ጋር እያጣመሩ መፈለግ ያስፈልጋል። የቦታ ስሞችም እንደ ሰው ስም በላቲን ፊደል አጻጻፋቸው ይለያያል፤ ደብረ ብርሃን ራሷ ሁለት ሦስት ዓይነት አላት።

የተገኘው ሁሉ በኤክሴል ሠንጠረዥ ይግባ፦ የጽሑፉ ርዕስ፣ የጸሐፊዎቹ ስም እንደታተመው፣ ተመራማሪው በስንተኛ ደረጃ እንደተቀመጡ፣ ጆርናሉ ወይም ጥራዙ፣ ዓመቱ፣ የዲ.ኦ.አይ. ቁጥሩ ካለ እሱ፣ በየቋቱ የተጠቀሰበት ብዛትና የታየበት ቀን።

ዓመቱ ላይ ቆም ይበሉ። በአገር ውስጥ የታተሙ ጥራዞች አንዳንዴ በእኛ ዘመን አቆጣጠር፣ አንዳንዴ በአውሮፓውያኑ ነው የሚጻፉት፤ ብዙውን ጊዜ የትኛው እንደሆነ ሽፋኑ ላይ አይገለጽም። በ2001 ዓ.ም. የታተመ ጥራዝ በአውሮፓውያኑ 2009 ሆኖ መመዝገብ ሲገባው እንዳለ 2001 ተብሎ ቢገባ፣ ጽሑፉ በአንድ ጊዜ በ8 ዓመት ያረጃል። ይህ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. እስከ 2024 ድረስ 45 ጊዜ ተጠቅሶ ከሆነ፣ በትክክለኛው ዓመት ሲሰላ በዓመት 3 ጊዜ ማለት ነው፤ በተሳሳተው ግን ከ2 በታች ይወርዳል። እኔ በሠንጠረዡ ውስጥ ለሁለቱም አቆጣጠር የተለያየ ዓምድ እሠራለሁ፤ ጥርጣሬ ሲገባኝም የጥራዙን መግቢያ አንብቤ ጉባኤው የተካሄደበትን ወር አጣራለሁ።

አዳኝ የሚባሉትን፣ ማለትም ያለ ግምገማ በገንዘብ ብቻ የሚያትሙ ጆርናሎችን በሚመለከት አጭር ነገር ልበል። በአንዳንዶቹ ላይ ያሳተመ ተመራማሪ ብዙውን ጊዜ ተታልሎ ነው፤ ቢሆንም ጽሑፉን ደብቆ ማለፍም ከሌሎቹ ጋር ደባልቆ መቁጠርም ልክ አይደለም። ለብቻው ይቀመጥ።

መቁጠር

አሁን ቆጠራው ይጀመራል። ከሁሉ የሚታወቀው መለኪያ ኤች-ኢንዴክስ ሲሆን፣ የፊዚክስ ሊቁ ሆርሄ ሂርሽ እ.ኤ.አ. በ2005 ያቀረበው ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ጽሑፎቹን ከብዙ ከተጠቀሰው ወደ ጥቂት ከተጠቀሰው ይደርድሩ፤ ከላይ ወደ ታች እየቆጠሩ ይውረዱ፤ የጽሑፉ ተራ ቁጥር ከተጠቀሰበት ብዛት ሳይበልጥ የሚደርሱበት የመጨረሻው ተራ ኤች-ኢንዴክስ ይባላል።

የጋሼ 11 ጽሑፎች በጉግል ስኮላር የተጠቀሱበት ብዛት ሲደረደር እንዲህ ነበር፦ 41፣ 23፣ 17፣ 12፣ 9፣ 7፣ 6፣ 4፣ 2፣ 0፣ 0። ስድስተኛው ጽሑፍ 7 ጊዜ ተጠቅሷል፤ 7 ከ6 ስለማያንስ ስድስተኛው አልፏል። ሰባተኛው የተጠቀሰው 6 ጊዜ ነው፤ 6 ከ7 ስለሚያንስ እዚያ ላይ ቆመ። ኤች-ኢንዴክሳቸው 6 ሆነ ማለት ነው። ጉግል ስኮላር የሚጠቀምበት አይ-10 የተባለው መለኪያ ደግሞ 10 ጊዜና ከዚያ በላይ የተጠቀሱትን ብቻ ስለሚቆጥር 4 ይሆናል።

ሰባተኛው ጽሑፍ ስለ ገብስ ተባይ ነበር። በዚያ ማታ ከ9ኙ አጻጻፎች አንዱን፣ የአባታቸው ስም በእዝባር ያጠረበትን፣ እንደገና ስናስገባው ይኸው ጽሑፍ ለብቻው የቆመ ሌላ መዝገብ ሆኖ መጣ፤ የአንድ የሌላ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በመመረቂያ ጽሑፉ ዋቢ ዝርዝር ውስጥ ስማቸውን እንደዚያ ጽፎት ኖሯል። በፕሮፋይላቸው ላይ ሁለቱን መዝገቦች ምልክት አድርገን ስናዋሕዳቸው የሰባተኛው ጽሑፍ ቁጥር ከ6 ወደ 7 ከፍ አለ፤ ኤች-ኢንዴክሳቸውም 7 ሆነ። በአንድ እዝባር ምክንያት የጠፋች አንዲት ጥቅስ ነበረች። ጋሼ ምንም ሳይናገሩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት።

ቁጥሩ ከተገኘ በኋላ የጠቀሱትን ጽሑፎች አንድ በአንድ መክፈት ያስፈልጋል። ተመራማሪው ራሳቸው ወይም አብረዋቸው ያሳተሙ ሰዎች የጠቀሱት ስንት እንደሆነ ለይተው ይጻፉት። ራስን መጥቀስ ነውር አይደለም፤ በአንድ ማሳ ላይ ለዓመታት የሠራ ሰው የትናንት ሥራውን ሳይጠቅስ የዛሬውን መጻፍ አይችልም። ነገር ግን ገምጋሚው ራሱ ፈልጎ ከሚያገኘው ይልቅ በሰነዱ ላይ ተገልጾ ቢያየው ይሻላል።

ሁሉም ጥቅስ ድጋፍ አለመሆኑንም መርሳት የለብንም። እ.ኤ.አ. በ2019 ሳንቼዝ-ባዮና ዊክሃይስ የተባሉ ተመራማሪዎች በዓለም ዙሪያ ስለ ነፍሳት መመናመን ያወጡት ዳሰሳ እጅግ ብዙ ጊዜ ተጠቅሷል፤ ከጠቀሱት ውስጥ ግን ስሕተቱን ለማሳየት የጻፉም አሉበት። ከዋና ትችቶቹ አንዱ፣ ጽሑፎችን ሲያፈላልጉ መቀነስ የሚል ትርጉም ያለውን ቃል በፍለጋቸው ውስጥ ማስገባታቸው ነው፤ መቀነስን የፈለገ ሰው መቀነስን ማግኘቱ አይቀርምና። መዝገብ የምናዘጋጅ ሰዎችም ከዚህ የምንወስደው ነገር አለ፤ የፍለጋ ቃላችን ምን እንደነበር በሰነዱ ላይ መጻፍ አለብን።

ቁጥሩን በሙያው ውስጥ ማንበብ

ሰው በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልጽፈው እወዳለሁ። የነፍሳት ጥናት ራሱ አንድ ወጥ አይደለም። ዝርያዎችን ለይቶ የሚሰይም ሰው ሥራው በየጊዜው ጥቅም ላይ ይውላል፤ ነገር ግን አይቆጠርለትም። ደገዛን በሳይንስ የሰየመው ራግ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1977 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ስለ ደገዛ የሚጽፍ ሁሉ ከሳይንሳዊ ስሙ ቀጥሎ «ራግ» ብሎ ይጽፋል፤ ግን አብዛኛው ጸሐፊ የመጀመሪያውን ጽሑፍ በዋቢ ዝርዝሩ ውስጥ ስለማያስገባው ቋቶቹ አይመዘግቡትም። የዚህ ዓይነት ሥራ ጥቅስ የሚያገኘውም ቀስ እያለ ነው፤ የዝርያ መግለጫ ከሠላሳ ዓመት በኋላም አዲስ ሆኖ ይነበባል። የጆርናል ኢምፓክት ፋክተር ግን የሚመለከተው ሁለት ዓመት ብቻ ነው፦ አንድ ጆርናል ባለፉት ሁለት ዓመታት ያወጣቸው ጽሑፎች በዘንድሮው ዓመት የተጠቀሱበት ብዛት በጽሑፎቹ ቁጥር ይካፈላል። የእንስሳት ዝርያ ምደባ ዋና መድረክ የሆነው ዙታክሳ እ.ኤ.አ. በ2020 ራሱን ከመጠን በላይ ይጠቅሳል ተብሎ ከዚህ መለኪያ ዝርዝር ከወጣ በኋላ፣ ተመራማሪዎች ተቃውመው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተመልሷል። በዚህ ሙያ የዝርያ ገለጻዎች በብዛት የሚወጡት በጥቂት መድረኮች ላይ ስለሆነ፣ እርስ በርስ መጠቃቀሳቸው የማይቀር ነው።

ተባዩም ራሱ ቁጥሩን ይወስነዋል። የአሜሪካ ተምች በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ መታየቱን ጎርገንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2016 ሲያሳውቁ፣ ነፍሳቱ በፍጥነት በአህጉሩ ተስፋፍቶ እ.ኤ.አ. በ2017 ኢትዮጵያም ገብቷልና፣ ስለ ተምች የጻፈ ሁሉ ያን ጽሑፍ ጠቀሰ። ደገዛ ግን የሚኖረው እዚህ ብቻ ነው። ስለ እሱ የተጻፈ ግሩም ጥናት 15 ጊዜ ቢጠቀስ፣ ይህ ቁጥር ስለ ደገዛ የሚያጠኑ ሰዎች በዓለም ላይ ምን ያህል ጥቂት እንደሆኑ ይነግረናል እንጂ፣ ጥናቱ ለጤፍ ገበሬው ስለዋለለት ውለታ የሚናገረው ነገር የለም። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ አንዱ ተመራማሪ ከሌላው ይበልጣል ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

በሥነ-ምህዳር ደግሞ ብዙ ጥቅስ የሚሰበስቡት የስሌት ዘዴን የሚያስተዋውቁ ጽሑፎች ናቸው። ባትስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2015 ኤልኤምኢ-4 ስለተባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር የጻፉት በሥነ-ምህዳር ጆርናሎች ሁሉ የሚጠቀስ ነው፤ ለዚህ ጽሑፍ ግን አንድም ነፍሳት በመረብ መያዝ አላስፈለጋቸውም። በሌላ በኩል ከ3,000 ሜትር በላይ ባለው በመንዝ ጓሳ የሣር ምድር ላይ ነፍሳትን ከወቅት ወቅት የሚቆጥር ሰው፣ አንድ የሚታመን ጽሑፍ ለማውጣት ብርዱንና ጭጋጉን ተቋቁሞ የብዙ ዓመት መረጃ ማከማቸት አለበት። የጽሑፎቹ ቁጥር ትንሽ ቢሆን ምክንያቱ ይህ መሆኑን በመዝገቡ ውስጥ በአንድ ዓረፍተ ነገር መግለጽ የአዘጋጁ ግዴታ ነው።

እነዚህን ነገሮች ለገምጋሚ ኮሚቴ ስናስረዳ ከኪሳችን ያመጣናቸው እንዳይመስሉ የሚደግፉን ሁለት ሰነዶች አሉ። አንዱ እ.ኤ.አ. በ2012 በሳን ፍራንሲስኮ የተረቀቀው የምርምር ምዘና መግለጫ ሲሆን፣ የአንድን ተመራማሪ ሥራ በታተመበት ጆርናል ኢምፓክት ፋክተር አትመዝኑ ይላል። ሌላው እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው፣ ስለ ምርምር መለኪያዎች አጠቃቀም የሚናገረው የላይደን ማኒፌስቶ ነው፤ ካስቀመጣቸው አሥር መርሖች አንዱ ለአካባቢ ጠቃሚ የሆነ ምርምር ያለውን ብቃት መጠበቅን የሚመለከት ነው። እኔ ይህን መርሕ በማዘጋጃቸው ሰነዶች ሁሉ መግቢያ ላይ አስገባዋለሁ።

በየትኛውም ቋት የማይገባ ሥራም አለ። ለልማት ጣቢያ ሠራተኞች በአማርኛ የተዘጋጀ የተባይ መከላከያ መመሪያ፣ በምንጃር ወይም በእንሳሮ የሽምብራ ማሳ ላይ ለገበሬዎች የተሰጠ የመስክ ሥልጠና፣ በአንበጣ ወረራ ጊዜ ለወረዳው የቀረበ የአሰሳ ሪፖርት በጥቅስ አይለኩም። ለእነዚህ የተለየ ክፍል ይክፈቱላቸውና በእያንዳንዱ ሥር ማስረጃውን፣ ማለትም የወረዳውን ደብዳቤ፣ የታተመውን ቅጂ ወይም የሥልጠናውን የፊርማ ዝርዝር ያያይዙ።

በመጨረሻ ማጠቃለያው በሰነዱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይቀመጣል። የጋሼ እንዲህ ተጻፈ፦ «አመልካቹ በአቻ ገምጋሚዎች የታዩ 9 ጽሑፎችና 2 የጉባኤ ጽሑፎች አሏቸው። በጉግል ስኮላር 11ዱ በድምሩ 122 ጊዜ ተጠቅሰዋል፤ ከእነዚህ 15ቱ የራሳቸው ወይም የአብሮ ጸሐፊዎቻቸው ናቸው፤ ኤች-ኢንዴክስ 7። በስኮፐስ የተመዘገቡት 6 ጽሑፎች ሲሆኑ 58 ጊዜ ተጠቅሰዋል፤ ኤች-ኢንዴክስ 4። ከ11ዱ በ8ቱ የመጀመሪያ ጸሐፊ ናቸው። ፍለጋው የተደረገው በስማቸው 9 አጻጻፎች ነው፤ ዝርዝሩ በአባሪ 1 ይገኛል።» የሁለቱን ቋቶች ቁጥር በአንድ ላይ መደመር ወይም ከሁለቱ ከፍ ያለውን ብቻ መርጦ መጻፍ አይፈቀድም፤ ሁለቱም ከነስማቸው ይቀመጣሉ።

ከሥሩ ፍለጋው የተደረገበትን ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፉ፤ የኤክሴል ሠንጠረዡን ከእያንዳንዱ ገጽ ስክሪን ቅጂ ጋር በፍላሽም በኢሜይልም ያስቀምጡ። በየዓመቱ በጥቅምት፣ ዘጠኙንም አጻጻፎች እንደገና እያስገቡ ቁጥሩን ያድሱ።